ከቁራሌው ሚዛን በፊት

እዚህ አሜሪካ በቅዳሜና እሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው የብረት መላጊያ ሲሸጥ ሻጩ የሠሪውን ስምና የተሠራበትን ዘመን፣ ስለቱ ምን ያህል እንደ ቀረው፣ እጀታው ይሰንጠቅ አይሰንጠቅ ለይቶ ይናገራል። ገዢውም አገላብጦ አይቶ ይከራከራል። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ተመሳሳዩ መላጊያ ባለቤቱ አናጢ ሲያርፍ ወይም ቤቱ ሲፈርስ፣ ብዙ ጊዜ ከተሰበረ ባልዲና ከዛገ ቆርቆሮ ጋር ለቁራሌው ይሰጣል፤ ዋጋውም በኪሎ ነው። ልዩነቱን የሀብትና የድህነት ጉዳይ አድርጎ ማለፍ ይቀላል። ፈረንጅ ገንዘብ ተርፎት ዝገት ይሰበስባል፣ እኛ ግን የዕለት ጉርስ ይቀድምብናል ይባላል። ይህን አባባል አልቀበለውም። ንግዱ በዚህ አገር ሥር የሰደደበትን መንገድ ለመረመረ ሰው አሮጌውን መሣሪያ ከብረት ክምር ያወጣው የተጻፈ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ በቂርቆሷ ካዛንቺስም ውስጥ አለ፤ የጎደለው ጸሐፊ ነው።

የነገሩ መነሻ አንድ የውራጅ ነጋዴ ግቢ መሆኑ ለእኛ ብዙ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1897 በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በዶይልስታውን አካባቢ፣ ሄንሪ ቻፕማን መርሰር የተባለ የአርኪዮሎጂ ምሁር ለምድጃ የሚሆን መቆንጠጫ ፍለጋ ወደ ውራጅ ነጋዴ ሄደ። ክምሩ ውስጥ ያገኘው ግን የገበሬው፣ የአናጢውና የፈታይዋ ዕቃ ተደበላልቆ ነበር። ከአንድ ትውልድ በፊት አገሬው ይተዳደርበት የነበረው መሣሪያ ማሽን ሲመጣ ተጥሎ በጥቂት ሳንቲም ይሸጣል። መርሰር እስከዚያ ጊዜ ድረስ ያለፈውን ሕይወት ከመሬት ሥር ሲቆፍር የኖረ ሰው ነውና፣ ወደፊት ተቆፍሮ የሚፈለገው ነገር ፊቱ መቆለሉን ወዲያው ተረዳ። መግዛት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ኤግዚቢሽን አሳየ፣ ስለ ዕቃዎቹም ጽሑፍ አወጣ። በ1916 በኮንክሪት ያሠራውን ሙዚየም ከፈተ። በ1929 ደግሞ የጥንት አናጢዎችን መሣሪያ ብቻ የሚመለከት መጽሐፍ አሳተመ፤ መሣሪያዎቹን በሥራቸው ከፋፍሎ፣ ዛፍ የሚቆርጠውን፣ የሚለካውን፣ ጨምቆ የሚይዘውን፣ የሚልገውን፣ የሚያያይዘውን፣ የሚስለውን እያለ በተራ ያስረዳል። በ1933 የጥንት አሜሪካ ኢንዱስትሪዎች ማኅበር ተቋቋመና የመጻፉ ሥራ ከአንድ ሰው ወደ ብዙዎች ተሸጋገረ። ልብ በሉ፣ 1933 ይህ አገር በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ የነበረበት ዓመት ነው። የትርፍ ገንዘብ ዘመን አልነበረም።

የተጻፈው ነገር ለገበያው ያደረገለትን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ስታንሊ የተባለው ኩባንያ የሌናርድ ቤይሊን የብረት መላጊያ የመሥራት መብት እ.ኤ.አ. በ1869 ከገዛ በኋላ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያንኑ ቅርጽ እያሻሻለ አምርቷል። ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ ናቸው። ሰብሳቢዎችና ባለሙያዎች ግን ልዩነቶቹን እየለዩ ጻፉ። ከስለቱ ማሳረፊያ ጀርባ በብረቱ ላይ ሦስት የፓተንት ቀኖች ተቀርጸው ከተገኙ መላጊያው ከ1910 እስከ 1918 ገደማ ባለው ጊዜ የወጣ ነው፤ የስለት ማስተካከያዋ ክብ ብሎን ናስ መሆን ሲገባት ብረት ወይም ጠንካራ ጎማ ከሆነች የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሥራ ነው፣ ናሱ ለጦር መሣሪያ ይፈለግ ነበርና። በፊላዴልፊያው የዲስተን መጋዝ እጀታ ላይ ያለችው ክብ የናስ ማኅተም እንደዚሁ ዘመኑን ትናገራለች። ይህ ዕውቀት ለሁሉም ክፍት ከሆነ በኋላ ሻጭና ገዢ የማይተዋወቁ ቢሆኑ እንኳ የሚዳኛቸው ነገር አገኙ። በ1975 ፋይን ዉድወርኪንግ የተባለው መጽሔት ሲጀመር፣ በ1979 ደግሞ ሮይ አንደርሂል በእጅ መሣሪያ ብቻ የሚሠራበትን የቴሌቪዥን ዝግጅት በኖርዝ ካሮላይና ሲጀምር፣ አሮጌው መላጊያ ከመደርደሪያ ወርዶ እንደገና እንጨት ላይ ዋለ። ከሁሉ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1981 በሜይን ግዛት ላይ-ኒልሰን የተባለ ድርጅት ስታንሊ መሥራቱን የተወውን ሞዴል በአዲስ መልክ ማምረት ጀመረ። አሮጌው ተፈልጎ ሲጠፋ አዲስ ኢንዱስትሪ ተወለደ ማለት ነው፤ ይህን ናፍቆት ብቻውን አያደርገውም።

አሁን ወደ ቂርቆስ እንምጣ። የአውሮፓ የአናጢ መሣሪያ ወደ አዲስ አበባ የገባው በየዘመኑ በተለያየ እጅ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥቱንና የመኳንንቱን ቤት የሠሩት የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢ ጋር ጎን ለጎን ሠርተዋል። የአገሬው ሰው ቀድሞውንም መጥረቢያና መሮ በእጁ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑን ምሰሶ፣ በርና መስኮት ሲጠርብ የኖረ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት ሙያው ይናቅ ስለነበረ ነው። ያ ንቀት መሣሪያውንም ሳይነካው የቀረ አይመስለኝም፤ ባለሙያውን ያላከበረ ኅብረተሰብ የባለሙያውን ሳጥን በአደራ አያስቀምጥም። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ለገሃር በኩል ከባድ ብረት በብዛት መግባት ቻለ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ካዛንቺስን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ አድርጎ ሲሠራ አናጢው ከነሞርሳው፣ ከነመላጊያውና ከነመጋዙ መጣ። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዞች አብዛኛውን ጣሊያን ከአገር ቢያስወጡም የቀሩት ወርክሾፕ ከፍተው ሠርተዋል፤ ከእነሱ ጋር የሠራው ኢትዮጵያዊ ሙያውንም ዕቃውንም ወርሷል። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ደግሞ ሙያውን በክፍል ውስጥ አስተማረ። እንግዲህ የዕቃው ታሪክ ከአሜሪካው ቢለይ እንጂ አያንስም፤ እንዲያውም በአንድ ሰፈር ውስጥ የብዙ አገር ብረት መገናኘቱ የእኛን ይበልጥ የሚመረመር ያደርገዋል።

መሣሪያው ለምን ሥራ ፈታ ለሚለው መልሱ በከፊል ከሕግ፣ በከፊል ከእንጨቱ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። ሕጉ ተገቢ ነበር፤ ደኑ እያለቀ ነበርና። ዋንዛው ከገበያ ጨርሶ ባይጠፋም ተወደደ፣ በቦታውም ችፑድና ኤምዲኤፍ ገባ። እነዚህ በሙጫ የተጋገሩ ጣውላዎች የእንጨት ሥርና ጅማት የላቸውም፤ ሙጫው የመላጊያን ስለት ቶሎ ያደነዝዛል፣ ለመቁረጥም ማሽን ይሻላል። መላጊያው ወደ ሳጥን፣ ሳጥኑ ወደ አልጋ ሥር፣ ከዚያም ወደ ቁራሌው ሄደ። ከቁራሌው እጅ የተረፈው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ምናለሽ ተራን የማከብረው ገበያ ነው። ሌላው ቆሻሻ ያለውን መልሶ ዕቃ የሚያደርግ፣ ብረትን በድምፁና በክብደቱ የሚለይ ሰው እዚያ አለ። ይሁን እንጂ ያ ዕውቀት ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ የሚሄድ ነው። ባለቤቱ ሱቁን ሲዘጋ ይዞት ይሄዳል፣ አዲሱ ገዢም ከዜሮ ይጀምራል፤ ስለዚህ መሣሪያው ሁልጊዜ የሚሸጠው ሻጩ በሚያውቀው ሳይሆን ገዢው በማያውቀው ዋጋ ነው።

የሚነሱብኝ ተቃውሞዎች አሉ፤ ከነክብደታቸው ላንሳቸው። የመጀመሪያው፣ አሮጌ መሣሪያ ዝና ካገኘ ዋጋው ይሰቀልና ለሠራተኛው የማይደረስ ይሆናል የሚለው ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። ትንሿ የስታንሊ ቁጥር 1 መላጊያ ጥቂት ስለተረፈች ዛሬ ከ1,000 ዶላር በላይ ልታወጣ ትችላለች፤ ማንም አናጢ ለሥራ ብሎ አይገዛትም። ቁጥር 4 እና ቁጥር 5 ግን በብዛት ስለተመረቱ ዛሬም በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛሉ። ዕውቀቱ ብርቅ የሆነውን ከተራው ስለለየ ሰብሳቢው የአናጢውን ዕቃ መሻማት አላስፈለገውም። ከዚህም የሚያልፍ ምሳሌ በእንግሊዝ አገር አለ። መቀመጫውን በሳውዝሃምፕተን አቅራቢያ ኔትሊ ማርሽ ያደረገው ቱልስ ፎር ሰልፍ ሪላያንስ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት የተለገሰለትን አሮጌ የእጅ መሣሪያ በበጎ ፈቃደኞች አስጠግኖ ለአፍሪካ ባለሙያዎች ሲልክ ቆይቷል፤ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉትን ብርቅ ዕቃ ደግሞ እዚያው እየሸጠ ገንዘቡን ለሥራው ሲያውል ኖሯል። የሰብሳቢው ገንዘብ ለአናጢው መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ይህ የሚቻለው የትኛው ብርቅ፣ የትኛው ተራ እንደሆነ የሚለይ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ አዲስ ዕቃ በርካሽ እየገባ አሮጌውን ማን ይፈልጋል ይላል። ርካሹ አዲስ መላጊያ ብዙ ጊዜ ወለሉ ጠፍጣፋ አይደለም፣ ስለቱም ቶሎ ይዶለዱማል። አሮጌ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ዝገት ቆፍሮ የበላው ስለት፣ አፉ ላይ የተሰነጠቀ የብረት አካል፣ ፀሐይና ዝናብ ያጣመመው የእንጨት መላጊያ ለማገዶም ለሚዛንም ቢሄድ አላዝንም፤ የመላጊያው አካል የተሠራበት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት እንደ ላሜራ በቀላሉ የሚበየድ ነገር አይደለም። ነጥቤ ጥሩውን ከመጥፎው የምንለይበት የተጻፈ ነገር ስለሌለን ሁለቱን አንድ ላይ እየጣልን መሆኑ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ እንጨቱ ከሌለ መሣሪያው ለምን ያስፈልጋል የሚለው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ለዚህ ጥሩ መልስ አይኖረኝም ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ለኮሪደር ልማት ካዛንቺስ በስፋት ፈረሰ፤ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ወደተባለው ሰፈር ተዛወሩ። አሮጌ ቤት ሲፈርስ በሩ፣ መስኮቱ፣ የጣሪያው ማገርና ወለሉ የደረቀ የድሮ እንጨት ሆኖ ይወጣል፤ ለመቁረጥ የተከለከለው ጥድና ዝግባ ከዛፍ ሳይሆን ከፍርስራሽ ይገኛል ማለት ነው። ይህ እንጨት ምስማር የሞላበት ነው። በኤሌክትሪክ የሚዞር የመላጊያ ማሽን ስለት የተደበቀ ምስማር ሲያገኘው ይበላሻል፣ ለሠራተኛውም አደገኛ ነው። የእጅ መላጊያ ስለት ግን ቢቆረስም በመሳያ ድንጋይ ተመልሶ ይቀናል፤ እጅም ምስማሩን ቀድማ ታውቀዋለች። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ስለዚህ የሰፈሩ መፍረስ ለእጅ መሣሪያው የሚስማማውን እንጨት ባወጣበት ወቅት መሣሪያውን ራሱን አብሮ ለሚዛን መላኩ የሚያስቆጭ ጥፋት ነው፤ የሚከፋውም ጥፋቱ ገንዘብ በማጣት የመጣ አለመሆኑ ነው።

ምን ይደረግ? ሙዚየም እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መርሰርም የጀመረው በመግዛትና በመጻፍ ነው፣ ሕንፃው የመጣው ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ተግባረ ዕድን የመሰለ ነባር ተቋም ከሰፈሩ የተገኘውን እያንዳንዱን መሣሪያ ፎቶ አንስቶ፣ ስሙን፣ የተቀረጸበትን ጽሑፍ፣ የሚሠራበትን ሥራና የሚጠራበትን የባለሙያ ስም መዝግቦ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ቢያወጣ ለገበያው ከማንኛውም ድጎማ ይበልጥ ይጠቅመዋል። በውጭ የምንኖረው ደግሞ አቅማችን ከምናስበው በላይ ነው። ቁጥር 5 መላጊያ ከሁለት ኪሎ ብዙ አይበልጥም፤ ከአሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚፈቀዱት ሁለት ሻንጣዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ይይዛሉ። አንድ መላጊያ፣ ሁለት መሮና አንድ መሳያ ድንጋይ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ስለታቸው በወፍራም ጨርቅ ተጠቅሎ፣ ለአንድ ወጣት አናጢ ቢደርሱ ገንዘብ ከመላክ የማይተናነስ እርዳታ ነው። ገላን ጉራም ሆነ ሌላ ቦታ የገባችሁ የካዛንቺስ ቤተሰቦች፣ የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ የመሣሪያ ሳጥን አብሯችሁ ከተጓዘ ክፈቱት፤ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ስም ጻፉ፣ ለምን ሥራ ይውል እንደነበር በሕይወት ያሉትን ሽማግሌ አናጢዎች ጠይቁ፣ ከዚያ ብትሸጡት እንኳ ለሚሠራበት ሰው ሽጡት። ሽማግሌዎቹ ሳሉ፣ ዘንድሮ ጀምሩት።