የሮክ ሙዚቃ ለሚወድ ሰው የበዓል ስጦታ ስለ መምረጥ



ዓመት በዓል ሲቃረብ ለወዳጅ ወይም ለልጅ ስጦታ ማበርከት የቆየ ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን ተቀባዩ የሮክ ሙዚቃ አፍቃሪ የሆነ እንደሆነ ብዙ ወላጅና ብዙ አጎት ግራ ይጋባል። ሙዚቃው ለእርሱ ጆሮ ጩኸት ነውና፣ ወጣቱ የሚወደውን ትቶ እርሱ ራሱ የሚወደውን ገዝቶ ይመለሳል። ይህ ችግር አዲስ አይደለም። የሮክ ሙዚቃ ታሪክም ከጥቂት ስጦታዎች ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ከዚያ ታሪክ ምን እንደምንማር ዛሬ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤልቪስ ፕሬስሊ በ1945 ዓ.ም. ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለ በተወለደባት በቱፔሎ ከተማ በተደረገ ትርኢት ላይ ቆሞ ዘፍኖ ነበር። በጥር ወር 1946 ዓ.ም. 11 ዓመት ሲሞላው እናቱ ግላዲስ ስጦታ ልትገዛለት ወደ አንድ የብረታ ብረት ዕቃ መደብር ወሰደችው። ሻጩ በኋላ እንደ መሰከረው፣ ልጁ የተመኘው ጠመንጃ ነበር። እናቲቱ ግን አግባብታ ጊታር ገዛችለት። ቤተ ሰቡ ድኻ ነበር፤ ሆኖም እናት የልጇን ድምፅ ታውቅ ነበርና ምርጫዋ ከንቱ አልቀረም። በ1954 ዓ.ም. ያ ልጅ በሜምፊስ ከተማ ለገበያ የዋለውን የመጀመሪያ ሸክላውን አስቀረጸ።

ሁለተኛው ታሪክ በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ የተፈጸመ ነው። በ1956 ዓ.ም. ፖል ማካርትኒ 14 ዓመት ሲሞላው፣ አባቱ ትራምፔት የተባለውን የሙዚቃ መለከት ሰጠው። አባትየው በወጣትነቱ የጃዝ ባንድ እየመራ ይህንኑ መለከት ይነፋ ስለ ነበር፣ ለልጁ ያበረከተው የራሱን ፍቅር ነበር። ልጁ ግን መለከት በአፍ ይዞ መዝፈን እንደማይቻል ተረዳና በአባቱ ፈቃድ በጊታር ለወጠው። ግራኝ በመሆኑም ክሮቹን ገልብጦ በመትከል መለማመድ ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ከጆን ሌነን ጋራ ተዋወቀ። እዚህ ላይ ሊመሰገን የሚገባው አባትየው ነው፤ ስጦታዬ ተናቀ ብሎ ሳይቆጣ ልጁን መንገዱን እንዲመርጥ ፈቅዶለታልና።

ቢትልስ የተባለው ጓድ ዝናው ከገነነ በኋላ፣ የአፍቃሪዎቹ ማኅበር ለሚጎርፍለት ደብዳቤ ሁሉ መልስ መስጠት ተሳነው። ስለዚህ ከ1963 እስከ 1969 ዓ.ም. በየዓመቱ ታኅሣሥ ወር ለእንግሊዝ አገር አባላቱ ቀጭንና ተጣጣፊ ሸክላ በፖስታ ይልክላቸው ነበር። በሸክላው ላይ የተቀረጸው የልደት በዓል ሰላምታ፣ ቀልድና እንጉርጉሮ ሲሆን በገበያ አይሸጥም ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት አራቱ ሰዎች ለየብቻ የቀረጹት ድምፅ ተቀጣጥሎ የተሰናዳ ስለ ሆነ፣ የመለያየታቸው ዋዜማ ከስጦታው ላይ ይሰማል። ሰባቱ ሸክላዎች በ2017 ዓ.ም. እንደገና ታትመው ለሽያጭ ቀረቡ።

እንግዲህ ስጦታ መራጩ ምን ያድርግ? አስቀድሞ ወጣቱ የትኛውን ጓድ እንደሚያዳምጥና የትኞቹ ሸክላዎች እንዳሉት ከእኅቱ ወይም ከጓደኛው ይጠይቅ። ሸክላ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው ብሎም አይናቅ፤ በ2022 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሸጡት ሸክላዎች ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቍጥር ከሲዲዎች በልጠዋል። ሆኖም ማጫወቻ ለሌለው ሰው ሸክላ መስጠት ለግድግዳ ጌጥ መስጠት ነው። ጊታር ለሚጫወት ደግሞ አዲስ ክር እንኳ ደስ ያሰኘዋል፤ ዋጋውም የወር ደመወዝን አይነካም። የግዢውን ደረሰኝ አብሮ መስጠት ነውር አይደለም፤ የሊቨርፑሉ መለከት መለወጥ ባይችል ኖሮ ምን ይቀር እንደ ነበር ማሰብ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰጪው ስጦታውን ካስረከበ በኋላ ጥቂት ተቀምጦ ከወጣቱ ጋራ ያዳምጥ። ሙዚቃውን ባይወደው እንኳ ልጁን ይበልጥ ያውቀዋል፤ ለሚመጣው በዓል ምን እንደሚገዛለትም አይቸገርም።