የትኛው ደረጃ ይከብዳል? የፋይናንስ ተንታኞች የሙያ ፈተና ከታሪኩ ሲታይ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች የተስተካከለ)



ቻርተርድ ፋይናንሻል አናሊስት፣ በአጭሩ ሲኤፍኤ፣ የተባለውን የሙያ ማዕረግ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ሦስት ፈተናዎችን በተራ ማለፍ ይኖርበታል። ፈተናውን የጀመሩም ሆኑ ሊጀምሩ የሚያስቡ ሰዎች ዘወትር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ከሦስቱ ደረጃዎች የትኛው ይከብዳል? ጥያቄው የተራ ጨዋታ ቢመስልም ብዙ ነገር ይወሰንበታል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ተቋም ለእያንዳንዱ ደረጃ 300 ሰዓት ያህል ጥናት እንዲደረግ ይመክራል። ይህን ሰዓት ከሥራና ከቤተሰብ ጊዜው ቀንሶ የሚከፍል ወጣት መንገዱን ይቀጥል ወይም ያቁም የሚወስነው፣ ቀጣሪውም ሁለተኛው ላይ የቀረውን ሰው የሚመዝነው፣ ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

ዛሬ ለማሳየት የምሞክረው የፈተናው ታሪክ ለጥያቄው የተሻለ መልስ እንደሚሰጠን ነው። ሦስቱ ደረጃዎች አንዱን ክብደት እየጨመሩ የሚሄዱ ሦስት ሸክሞች ሳይሆኑ፣ ሦስት የተለያዩ ችሎታዎች የሚጠየቁባቸው ደጆች ናቸው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ ነው። የኒውዮርክ ግዛት የሂሳብ ባለሙያዎችን በፈተና የሚለይ ሕግ ያወጣው በ1896 ነበር። ሐኪሙም ጠበቃውም እንዲሁ የታወቀ መመዘኛ ነበራቸው። የሰውን ጥሪት በየትኛው አክሲዮንና በየትኛው ቦንድ ላይ ማዋል እንደሚገባ የሚመክረው የፋይናንስ ተንታኝ ግን ማንም ሳይመዝነው ሥራውን ይሠራ ነበር። በ1929 የደረሰው የገበያ ውድቀት የዚህን ልቅነት ዋጋ በግልጽ አሳይቷል። በ1937 የተቋቋመው የኒውዮርክ የተንታኞች ማኅበር ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ግሬሃም በ1945 በማኅበሩ መጽሔት ላይ፣ ተንታኞች የሙያ መመዘኛ ሊኖራቸው ይገባል ሲል ተከራከረ። በዚያው እትም ሉሲየን ሁፐር የተቃውሞውን ወገን ይዞ ጻፈ። ልብ በሉ፤ ፈተናው ከመኖሩ በፊት ክርክሩ ነበረ። የክርክሩም እምብርት፣ ይህ ሙያ በፈተና ይመዘናል ወይስ አይመዘንም የሚለው ነበር።

ክርክሩ እልባት እስኪያገኝ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ፈጀ። የቻርተርድ ፋይናንሻል አናሊስቶች ተቋም በ1962 ተመሥርቶ በቨርጂኒያ ግዛት ሻርሎትስቪል ከተማ፣ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ፈተና ጁን 15 ቀን 1963 ተሰጠ። ለርእሳችን ዋናው ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ቀን የተሰጠው አንደኛው ደረጃ አልነበረም፤ ሦስተኛው ነበር። የተቀመጡት 284 ሰዎች በሙያው የቆዩ ባለሙያዎች ስለነበሩ ከታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች ነጻ ተደርገው በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገቡ። ከእነዚህም 268ቱ አለፉ፤ ከመቶ ወደ 94 ያህል መሆኑ ነው። ሦስቱም ደረጃዎች በአንድነት መሰጠት የጀመሩት በማግስቱ ዓመት፣ በ1964 ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ቤቱ የተሠራው ከጣሪያው ጀምሮ እንደሆነ ነው። መሥራቾቹ በቅድሚያ የጠየቁት፣ የበቃ ተንታኝ በሥራው ላይ ምን ማድረግ ይችላል የሚለውን ነበር። የታችኞቹ ሁለቱ ልምድ የሌለውን ወጣት ወደዚያ የሚያደርሱ መወጣጫዎች ናቸው። ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ከቁጥሩ የሚገኝ ነው። ዛሬ ብዙዎች የሚፈሩትን ሦስተኛ ደረጃ በዚያን ጊዜ ከመቶ 94 ሰው ያለፈው ፈተናው ጨዋታ ስለነበረ ነው ብንል በችኮላ እንፈርዳለን። የተፈተኑት ሰዎች የሚጠየቁትን ሥራ ለዓመታት ሲሠሩት የኖሩ ነበሩ። ስለዚህ የማለፊያው ምጣኔ ስለ ጥያቄው ብቻ ሳይሆን ስለ ተፈታኙም ይናገራል።

አሁን ወደ ደረጃዎቹ ይዘት እንግባ። አንደኛው ደረጃ በስፋቱ ይታወቃል። ከሥነ ምግባር ደንብ እስከ ስታቲስቲክስ፣ ከምጣኔ ሀብት እስከ ሂሳብ መግለጫ፣ ከአክሲዮን እስከ ቦንድ አሥር ያህል የትምህርት ዘርፎችን ይዳስሳል። ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ሦስት ምርጫ አላቸው። ሁለተኛው ደረጃ የንብረትን ዋጋ ወደ መተመን ያተኩራል። ጥያቄዎቹም ተነጣጥለው አይመጡም፤ የአንድን ኩባንያ ወይም የአንድን ባለሙያ ጉዳይ የሚተርክ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይቀርብና በእርሱ ላይ የተመሠረቱ የምርጫ ጥያቄዎች ይከተላሉ። ሦስተኛው ደረጃ የመዋዕለ ንዋይን ስብስብ ለአንድ ደንበኛ ስለ ማስተዳደር ነው። ግማሹ ፈተና ምርጫ የለውም፤ ተፈታኙ መልሱን ራሱ ጽፎ ምክንያቱን ያስረዳል፤ መልሱንም ሰው አንብቦ ያርመዋል። ለብዙ ዓመታት አራሚዎቹ ከልዩ ልዩ አገሮች ወደ ሻርሎትስቪል እየመጡ በአንድ ቦታ ተቀምጠው ያርሙ ነበር።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ቦንድ እንውሰድ። በአንደኛው ደረጃ የሚጠየቀው የዋጋው ስሌት ነው። ዱሬሽን የተባለው የዋጋ ስሜታዊነት መለኪያው 5 የሆነ ቦንድ፣ የገበያው ወለድ ከ8 በመቶ ወደ 9 በመቶ ቢያድግ ዋጋው በ5 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ ማወቅ ይበቃል። በሁለተኛው ደረጃ ያው ቦንድ ተወሳስቦ ይመለሳል። ተበዳሪው ከመክፈያው ቀን አስቀድሞ ዕዳውን ከፍሎ ቦንዱን የመሰብሰብ መብት አለው እንበል። ወለድ ሲወርድ በዚህ መብት ስለሚጠቀም፣ ተፈታኙ ወለዱ የሚወጣባቸውንና የሚወርድባቸውን መንገዶች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ዘርግቶ በእያንዳንዱ መገንጠያ ላይ ዋጋውን መተመን አለበት። በሦስተኛው ደረጃ ቦንዱን የያዘው አካል ወደ መድረኩ ይወጣል። አንድ የጡረታ ፈንድ ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚከፍለው የታወቀ ግዴታ አለበት፤ ወለድ ሲለዋወጥ ግዴታውና ንብረቱ አብረው እንዲሄዱ የትኞቹን ቦንዶች ይያዝ? ለምን? የፈንዱ ኃላፊዎች ሌላ ነገር ቢመርጡ ምን አደጋ ይመጣል? እዚህ ላይ ስሌቱ የመልሱ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ፍርድ ነው።

ይህ ዓይነቱ የደረጃ ለውጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ቤት የገባ ልጅ የሚመሰገነው የተሰጠውን አጥርቶ በማንበብና ዳዊቱን በቃሉ በመያዝ ነው። ቅኔ ቤት ሲደርስ ግን ትናንት የሰማውን መድገም አያስመሰግነውም፤ ከራሱ አዲስ ቆጥሮ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በንባቡ የታወቀው በቅኔው ሊቸገር፣ በንባቡ ይንገዳገድ የነበረው በቅኔው ሊያብብ ይችላል። ስለዚህ ንባብ ቤት ይከብዳል ወይስ ቅኔ ቤት ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ የሚያገኘው፣ ለማን ብሎ ጥያቄውን ሲያሟላው ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ። በጁን 2019 በተሰጠው ፈተና አንደኛውን ደረጃ ያለፉት 41 በመቶ፣ ሁለተኛውን 44 በመቶ፣ ሦስተኛውን ደግሞ 56 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩን ላይ ላዩን የሚያነብ ሰው ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ፈተናው ይቀላል ሊል ይችላል። ሆኖም በሁለተኛው ደረጃ የተቀመጡት ሁሉ አንደኛውን ያለፉ ናቸው፤ በሦስተኛው የተቀመጡትም ሁለቱን አልፈዋል። ለማስረዳት ያህል መቶ ሰዎች ጉዞ ጀመሩ እንበል፤ በየደረጃውም አንድ ጊዜ ብቻ ይፈተኑ። በእነዚህ ምጣኔዎች ከመቶው 41 ሰዎች አንደኛውን ያልፋሉ፤ ከ41ዱ 18 ያህሉ ሁለተኛውን፤ ከ18ቱም 10 ያህሉ ሦስተኛውን ያልፋሉ። በእውነተኛው ዓለም የወደቀ ተመልሶ ይፈተናል፣ ሌላውም በመካከል ይተዋል፤ ስለዚህ ስሌቱ የማንንም ዕድል አይተነብይም። የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 41ና 56 የሚነጻጸሩ ቁጥሮች አይደሉም፤ መነሻቸው የተለያየ ሕዝብ ነውና።

በ2021 የሆነውም ይህንኑ ያጠናክራል። በወረርሽኙ ምክንያት ፈተናዎች ተሰርዘው ብዙ ሰዎች ቀጠሯቸው ተዛወረ፤ ፈተናውም ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋገረ። በሜይ 2021 አንደኛውን ደረጃ ያለፉት 25 በመቶ፣ በጁላይ ደግሞ 22 በመቶ ብቻ ሆኑ። ተቋሙ ራሱ እንደ ገለጸው ቀጠሯቸው የተዛወረባቸው ሰዎች ውጤት ካልተዛወረባቸው ያነሰ ነበር። የቦንድ ስሌት በሁለት ዓመት ውስጥ በእጥፍ አልከበደም፤ ጥናታቸው የተቋረጠባቸውና ልባቸው የተከፈለባቸው ሰዎች ግን ብዙ ነበሩ።

የማለፊያው ወሰን እንዴት እንደሚቆረጥ ማወቅም ይጠቅማል። ተቋሙ አሠራሩን ይገልጻል። ከግብአቶቹ አንዱ በዊልያም አንጎፍ ስም የሚጠራው ዘዴ ነው። የሙያው ሰዎች ተሰብስበው፣ ለማለፍ በጥቂቱ የሚበቃ አንድ ተፈታኝ በአእምሯቸው ይሥላሉ፤ ይህ ሰው እያንዳንዱን ጥያቄ የመመለስ ዕድሉ ምን ያህል ነው ብለው ይገምታሉ። ጥያቄዎቹ ሲከብዱ ግምቱ ዝቅ ይላል፤ ወሰኑም አብሮ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጥያቄው ከበደ ማለት ማለፍ ከበደ ማለት አይደለም። በየደረጃው የሚሣለው ሰው ይለያያልና፣ ሦስቱን ደረጃዎች በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ የሚመዝን መሣሪያ የለም።

እንግዲህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የሚከብደው ደረጃ ከቆመበት ቦታ እጅግ የሚርቀው ነው። ከሌላ ሙያ ለመጣ መሐንዲስ ወይም የቋንቋ ተማሪ የአንደኛው ስፋት ተራራ ነው። የሂሳብ አያያዝ ላልተማረ ሰው የሁለተኛው ጥልቀት ይበረታል። በምርጫ ጥያቄ ሁልጊዜ አንደኛ ሲወጣ ለኖረና አቋሙን በጽሑፍ መከላከል ላልለመደ ሰው ደግሞ ሦስተኛው ይጠብቀዋል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ፣ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ተፈታኝ በዚህ ደረጃ ላይ ከፋይናንስ እውቀቱ ጋር የአገላለጽ ችሎታውንም ይዞ መሰለፍ ይኖርበታል። አጥርቶና አሳጥሮ መጻፍን ቀደም ብሎ መለማመድ ያዋጣል።

ይህ ሁሉ በአገራችን ለምን ይመለከተናል? የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፍቷል። የሰውን ገንዘብ የሚያማክር ባለሙያ ማን ነው የሚለው፣ በ1945 በኒውዮርክ ይነሣ የነበረው ጥያቄ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ይነሣል። ነገ የራሳችንን መመዘኛ ስናዘጋጅ፣ ስንት ሰው እንጣል ከሚለው አንጀምር። አንድ መምህር፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ ጡረተኛ ጥሪቱን በአደራ ቢሰጠው ይህ ሰው ምን ማድረግ ይችላል የሚለውን አስቀድመን እንወስን፤ ከዚያም ወደ ታች እየወረድን ደረጃዎቹን እንሥራ። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ፈተና በዚህ ብቻ ጥሩ ፈተና አይሆንም፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ የቀረ ወጣትም በዚህ ብቻ ደካማ አይባልም። ምን እንደ ተጠየቀና ምን እንደ ጎደለው ተለይቶ ሲታወቅ ግን፣ ፈተናው ለተፈታኙም ለአሠሪውም ለገንዘቡ ባለቤትም ይጠቅማል።