የተሻለው ምስል ለምን ተሸነፈ?

ዋና መሥሪያ ቤቱ በካሊፎርኒያዋ ኒውአርክ የሚገኘው ሉሲድ ሞተርስ፣ ኤር በተባለው መኪናው ሾፌር ፊት 34 ኢንች የሆነ ስስ ስክሪን ዘርግቷል። ስክሪን እንዲህ ቀጥኖ በየቦታው ለመግባት የበቃው ከረጅም ፉክክር በኋላ ነው፤ ከተፎካካሪዎቹም አንዱ የኒውአርክ ጎረቤት በሆነችው ሳን ሆሴ ነበር።

የቀድሞው ቴሌቪዥን ምስሉ ደማቅ፣ ጥቁሩም ጥልቅ ነበር። ሆኖም ኤሌክትሮን የሚረጨው መሣሪያ ከመስተዋቱ ርቆ ከኋላ ስለሚቀመጥ ትልቅ ሆድ ያስፈልገው ነበር። ይህን ሆድ ለማጥፋት የተለያዩ መንገዶች ተሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተፈለሰፈው ፕላዝማ በጥቃቅን ክፍሎች የታመቀ ጋዝን ያበራል። ኤልሲዲ በራሱ አያበራም፤ ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን በፈሳሽ ክሪስታል ይከፍታል፣ ይዘጋል። ብርሃኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይታገድም ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል።

የሳን ሆሴው ካንደሰንት ሌላ መንገድ መረጠ። በአንድ ትልቅ የኤሌክትሮን መርጫ ፈንታ፣ ከመስተዋቱ ጀርባ እጅግ ብዙ ጥቃቅን መርጫዎችን ደረደረ። የአሮጌውን ቴሌቪዥን ውበት በስስ አካል ለማቅረብ ነበር ሐሳቡ። በ1998 ሶኒ አጋር ሆነው፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላርም ፈሰሰበት። ምርቱ ግን ገበያ ሳይደርስ ኩባንያው በ2004 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ።

ያሸነፈው ኤልሲዲ በምስል ጥራት ብልጫ አልነበረውም። ቴሌቪዥን ከመሆኑ በፊት የላፕቶፕና የኮምፒውተር ስክሪን ሆኖ ይሸጥ ስለነበር፣ የፋብሪካዎቹን ወጪ የሸፈነው ሌላ ገበያ ነው። ፋብሪካዎቹ በሰፉ ቁጥር ዋጋው ወረደ። ካንደሰንት ግን የመጀመሪያውን ፋብሪካ ወጪ የሚሸፍንለት ገበያ አልነበረውም። ፕላዝማም ቢሆን የዋጋውን ፉክክር አልቻለም፤ ፓናሶኒክ በ2013 ማብቂያ ምርቱን አቆመ። ዛሬ ጥልቁን ጥቁር የመለሰው ኦሌድም በቴሌቪዥን ከመስፋፋቱ በፊት በስልክ ስክሪንነት ተሸጧል።

አካባቢው ግን ባዶ እጁን አልቀረም። የሳንታ ክላራው አፕላይድ ማቴሪያልስ ስክሪን የሚመረትባቸውን ማሽኖች ሸጠ፤ የሚልፒታሱ ናኖሲስ የኤልሲዲን ቀለም የሚያደምቁ ኳንተም ዶቶችን አቀረበ። ካንደሰንት አሸናፊውን ለመተካት ሲወድቅ፣ ጎረቤቶቹ አሸናፊው የሚፈልገውን በመሸጥ ኖሩ።