‹‹ዛሬ ነገ›› የማለት ልማድና የተማሪው ጊዜ

የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኗል፡፡ ለውጤቱ ማሽቆልቆል የመምህራንና የመጻሕፍት እጥረት እንዲሁም የፀጥታ ችግር በተደጋጋሚ ይነሳሉ፡፡ ተማሪው በራሱ አቅም ሊያርመው የሚችለው ጥናትን ለነገ የማሳደር ልማድ ግን ብዙም አይወሳም፡፡

ስንፍና ነው?

ዛሬ ነገ ማለትና ስንፍና አንድ አይደሉም፡፡ ሰነፍ መሥራቱን ራሱን አይፈልግም፡፡ ዛሬ ነገ የሚለው ተማሪ ግን መሥራት ይፈልጋል፣ ማዘግየቱ እንደሚጎዳውም ያውቃል፣ ሆኖም ያዘገያል፡፡ ፒርስ ስቲል የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ቀደም ሲል የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ አራት ነገሮች ጎልተው ወጥተዋል፡፡ እነርሱም የሥራው አሰልቺነት፣ የውጤቱ መራቅ፣ በራስ አለመተማመንና በስሜት መነዳት ናቸው፡፡ ተማሪው ፊዚክስ ሲከብደው ደብተሩን ዘግቶ ስልኩን ቢያነሳ፣ የሸሸው ከሰዓቱ ሳይሆን ትምህርቱ ከሚፈጥርበት ጭንቀት ነው፡፡

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ተማሪ

በሰሜን ሸዋ ደጋዎች ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብዙውን ጊዜ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል፡፡ እንጀራውን ራሱ ይጋግራል፣ ቅዳሜና እሁድ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፣ የገብስ አጨዳ ሲደርስም ያግዛል፡፡ ስለዚህ ‹‹ጊዜ አጣሁ›› ሲል ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም፡፡ ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ሸዋ ሲዘልቅ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፡፡ ትምህርት ቤቱ በመዘጋቱ የባከነውን ጊዜ ከተማሪው ቸልተኝነት ጋር መደባለቅ ግፍ ነው፡፡ በእጁ የቀረው ጊዜ ጥቂት ሲሆን ግን ዛሬ ነገ ማለት የሚያስከፍለው ዋጋም ይጨምራል፡፡

ከአብነት ትምህርት ቤት የሚገኝ ትምህርት

የአካባቢው ሰው የቆሎ ተማሪን ያውቀዋል፡፡ ምግቡን ለምኖ እያገኘም ትምህርቱን አያሳድርም፡፡ ምክንያቱ የሥርዓቱ አሠራር ነው፡፡ የዜማ ተማሪ የተቀበለውን ቀለም ሳያጸና ወደ ቀጣዩ አይሻገርም፤ የቅኔ ተማሪም የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፡፡ ፈተናው በዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን በየዕለቱ ነው፡፡

ዳን አሪዬሊና ክላውስ ቬርተንብሮህ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች ሦስት ጽሑፎችን እንዲያርሙ አድርገው ነበር፡፡ በየሳምንቱ አንድ እንዲያስረክቡ የተነገራቸው፣ ሁሉንም በመጨረሻው ቀን እንዲያስረክቡ ከተነገራቸው ይልቅ ብዙ ስህተት አግኝተዋል፡፡ የሩቁን ሰኔ በየሳምንቱ ከፋፍሎ ማቅረብ ይጠቅማል ማለት ነው፡፡

ምን ይደረግ?

1. ጊዜና ቦታ ቆርጦ መያዝ፡፡ ‹‹ባዮሎጂ አጠናለሁ›› ከማለት ‹‹ማክሰኞ እራት እንደበላሁ 10 ጥያቄ እሠራለሁ›› ማለት ይሻላል፡፡ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳመለከቱት፣ መቼና የት ተብሎ የታቀደ ሐሳብ የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፡፡

2. በአጭሩ መጀመር፡፡ ፍራንቸስኮ ሲሪሎ የተባለው ጣሊያናዊ ያስተዋወቀው ዘዴ 25 ደቂቃ ማጥናትና 5 ደቂቃ ማረፍ ነው፡፡ ከባዱ መጀመሩ ስለሆነ፣ ‹‹25 ደቂቃ ብቻ›› ማለት ፍርሃቱን ያቀለዋል፡፡ በዚያ ጊዜ ስልኩ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፡፡

3. ራስን መጠየቅ፡፡ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ያነበቡትን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ መጽሐፉን ከድኖ ለማስታወስ መሞከር ትምህርቱን ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል፡፡ አብሮ የሚኖር ጓደኛ ለዚህ ጥሩ ጠያቂ ነው፡፡

4. ያመለጠ ቀንን ይቅር ማለት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ዛሬ ነገ ብለው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለቀጣዩ ፈተና ማዘግየታቸው ቀንሷል፡፡ ራስን መውቀስ ሌላ መሸሻ ይሆናልና፡፡

እረፍትም ወሰን ይፈልጋል

ያለ እረፍት ማጥናት አያዋጣም፡፡ የተማሩት ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ስለሆነ፣ በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ የሚጎዳው ይበዛል፡፡ የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለዘመናት ያቆየው ለተወሰኑ ዓመታት እየከለለና ጊዜው ሲደርስ እየከፈተ ነው፡፡ ጨዋታም እንዲሁ ሰዓቱ ይታወቅ፡፡ ኳሱም፣ ገበጣውም፣ ፊልሙም ከተቆረጠው ጥናት በኋላ ሲመጡ ደስታቸው ሙሉ ይሆናል፤ ጥናቱን ሸሽቶ የሚጫወት ግን ጨዋታውም አይጥመውም፡፡

ወርኃዊ በዓላትም ለዚህ ይመቻሉ፡፡ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያምና በ29 በዓለ ወልድ ገበሬው ስለማያርስ ተማሪውም ለእርሻ አይታዘዝም፡፡ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ሰዓት ለጥናት፣ የቀረው ለቤተሰብና ለጨዋታ ቢሆን ሁለቱም ይደርሳሉ፡፡

አዲስ አበባ ሆነው ለአገር ቤት ወንድማቸው ወይም ለእህታቸው ልጅ የቤት ኪራይ የሚልኩ ሰዎችም ድርሻ አላቸው፡፡ ሰኔ ላይ ‹‹ስንት አመጣህ?›› ብሎ ከመቆጣት፣ በየእሁዱ ደውሎ ‹‹በዚህ ሳምንት የትኛውን ምዕራፍ ጨረስክ? የከበደህስ የቱ ነው?›› ብሎ መጠየቅ ይበልጣል፡፡ ልጁ በየሳምንቱ የሚጠይቀው ሰው እንዳለ ሲያውቅ ሥራውን ለነገ ማሳደር ይከብደዋል፤ የከበደውንም ትምህርት ሳይረፍድበት ይናገራል፡፡