የከተማ ቦታ ቃላትና የጽሑፍ ምርመራ፦ ከአንጋጫ አንጻር

የከተሞቻችንን ታሪክ ከአዋጆቹ ቃላት ማንበብ ይቻላል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 «ትርፍ ቤት»ን የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ የ1986ቱ አዋጅ ቁጥር 80 «ሊዝ»ን አመጣ፤ የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ከሊዝ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘውን ቦታ «ነባር ይዞታ» አለው። ይህን የቃላት ጉዞ በኮምፒዩተር የጽሑፍ ምርመራ መከታተል ለከተማ ፕላንና ለግንባታ ሥራ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ መሣሪያው «ዐዋጅ»ንና «አዋጅ»ን፣ «ሥሪት»ንና «ስሪት»ን ለየብቻ ከቆጠረ ማስረጃው ይሸሸጋል። በከምባታዋ አንጋጫ ችግሩ ይደረባል፤ የአስተዳደሩ ጽሑፍ በአማርኛ ሲሆን ከምባትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ስለሆነም የአንድ ባለይዞታ ስም በሁለቱም ፊደል ሲሰፍር ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ሊያደርገው ይችላል። የሆሄ ጉዳይ የሰውን ይዞታ የሚነካ በመሆኑ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሊያጠኑት ይገባል።