ነፋስና ጎተራ በስሜን ግርጌ

በደባርቅና በዳባት ገጠር ነፋስ ከጥንት የተሰጠው ሥራ እህል ማጥራት ነው። ገብሱ ታጭዶ፣ ተከምሮ ከደረቀ በኋላ በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ ይበተናል፤ በሬዎች ያበራዩታል፤ ገበሬው መጀመሪያ በመንሽ ኋላም በላይዳ ወደ ላይ ይበትነዋል። ገለባው ራቅ ብሎ፣ እብቁ ከእሱም ርቆ ሲያርፍ ምርቱ እዚያው ይቀራል። አውድማ ገላጣ ጉብታ ላይ የሚሠራውም ለዚሁ ሲባል ነው። ነፋስ ዝም ካለ ሥራውም ዝም ይላል፤ መጠበቅ እንጂ ሌላ መላ የለም። በነፋሱ ሰዓት የጠራው እህል ግን ወደ ጎታና ጎተራ ገብቶ ለወራት ቤተሰብ ይቀልባል። ነፋስ የሚመጣበትና ሰው የሚበላበት ጊዜ ስለማይገጥም፣ ሁለቱን የሚያስታርቀው ጎተራው ነው። የነፋስ ኤሌክትሪክ ታሪክም በአብዛኛው ጎተራ የመፈለግ ታሪክ ነው።

በአካባቢው ልማድ ነፋስ ከአውድማ አልፎ ወፍጮ አላዞረም። ዱቄቱ የሴቶች ጉልበት ነበር፤ በድንጋይ ወፍጮና በመጅ ይፈጭ ነበር፤ ኋላ በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ደረሰ። በኢትዮጵያ ነፋስ በማሽን ተይዞ ከሠራባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ከስሜን እጅግ የራቀው የታችኛው ኦሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚያ የነበሩ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን፣ በቀርጤስ ደሴት ልማድ የሸራ ክንፍ ባላቸው የነፋስ መዘውሮች ውሃ እየሳቡ ማሳ ያጠጡ ነበር።

በነፋስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ሲጀመር የማከማቸት ጥያቄ አብሮ ተወለደ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላይዝ እ.ኤ.አ. በ1887 ያቆመው መዘውር ባትሪ እየሞላ የበጋ ቤቱን ያበራ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካዊው ቻርልስ ብረሽ በክሊቭላንድ 12 ኪሎዋት ገደማ የሚያመነጭ ግዙፍ መዘውር ተክሎ ምድር ቤቱን በባትሪ ሞላው።  ዴንማርካዊው ፖል ላ ኩር ደግሞ በአስኮቭ በሌላ መንገድ ሄደ፤ በነፋሱ ኤሌክትሪክ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ከፍሎ ጋዙን አጠራቀመ፣ የሚያስተምርበትንም ትምህርት ቤት አበራበት። ሦስቱም አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ክንፍ መሥራት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ የመጣችው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ነፋስ ከመያዟ በፊት ጎተራውን ሠራች። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተገነባው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል የውሃ ሆነ። ይህም የራሱ መዘዝ ነበረው። ዝናብ ሲያጥር ግድቡ ይጎድላል፤ ግድቡ ሲጎድል ከተሞች ይጨልማሉ። በ1995 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሆነ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ፈረቃው ብሶ ተመለሰ።

በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ለዚህ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ነው። ተከዜ የስሜንን ተራሮች በምሥራቅና በሰሜን የሚዞር ወንዝ ነው። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ቅስት የኮንክሪት ግንብ ሲሆን 300 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከኋላው ያለው ሐይቅ 9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውሃ ይይዛል። ወንዙ ይህን የሚሞላው በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የቀረው ዓመት የመቆጠብ ጊዜ ነው።

ነፋሱ የሚበረታው ግን በዚያ በመቆጠቢያው ጊዜ ነው። በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ ነፋስ በክረምት ይዳከማል፤ ከጥቅምት ጀምሮ በበጋው ያይላል። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ሲጀመሩ ዋናው ሐሳብ ይህን መፈራረቅ መጠቀም ነበር። በአዳማ 51 ሜጋዋት፣ ቀጥሎም 153 ሜጋዋት ተተከለ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ደግሞ ከመቀሌ አጠገብ አሸጎዳ በ84 ተርባይኖችና በ120 ሜጋዋት ተመረቀ። ከእነዚህ ሠላሳዎቹ ባለሁለት ክንፍ የፈረንሳይ ቬርኜ ማሽኖች ነበሩ፤ ትልልቅ ክሬን በማይገባበት አገር እንዲቆሙ የታሰቡ። ተከዜና አሸጎዳ ሁለቱም በመቀሌ በኩል ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ጋር ስለተያያዙ፣ የነፋስና የግድብ ጥምረት በሰሜን ኢትዮጵያ ከሌላ ቦታ ይልቅ በእነሱ ይታያል። በ2013 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት ግን የአሸጎዳ ሥራ ተቋረጠ።

የጥምረቱ አሠራር ቀላል ነው። ነፋስ ሲነፍስ የግድቡ ተርባይኖች ይቀዘቅዛሉ፣ ውሃው ባለበት ይቆያል፤ ነፋስ ሲቆም ውሃው ይለቀቃል። ነፋሱ ውሃ ወደ ላይ አይገፋም፤ የሚያደርገው ውሃው እንዳይወጣ መከልከል ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ 100 ሜትር ሲወድቅ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለው። ለብቻው ኢምንት ነው፤ በቢሊዮን ሲባዛ ግን የትኛውም የባትሪ መጋዘን አይደርስበትም። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ የኖርዌይን ግድቦች የተጠቀመችው በዚሁ ስሌት ነው።

ባትሪ የሚበልጥበት ቦታ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በደቡብ አውስትራሊያ ሆርንስዴል ከነፋስ ማመንጫ ጎን የተተከለው ባለ 100 ሜጋዋት ሊቲየም ባትሪ የሚያቆየው ኃይል ከአንድ ሰዓት ጥቂት ለሚያልፍ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ነገር ግን መረቡ ሲናጋ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ባትሪ የደቂቃንና የሰዓትን ጉድለት ይሸፍናል፤ ከክረምት እስከ በጋ የሚያሻግረው ግድብ ነው። ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ ማየት ስሕተት ነው።

በደባርቅና በዳባት እስካሁን ትልቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ አልተተከለም። ጉብታዎቹ ለዓይን ያማልላሉ፤ ሒሳቡ ግን ከዓይን ይልቅ ጠንቃቃ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ስለሚያድግ፣ በፍጥነት ግምት ላይ ያለች ትንሽ ስሕተት ትርፉን ታጠፋለች። ደባርቅ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በእኩል ፍጥነት የሚገኘውም ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ረጅም ክንፍ ለሚጭን ተሽከርካሪ አይመችም፤ ጭነት ቢመጣ በጎንደር በኩል መምጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከለለውና በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም አጠገብ ነው፤ በገደሉ ዳር በሞቃት አየር ላይ ለሚንሳፈፉ ንስሮችና ጥንብ አንሳዎች የሚሽከረከር ክንፍ አደጋ ነው።

ስለዚህ ለእነዚህ ወረዳዎች ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ከፓርኩ ርቆ ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት የነፋስ ልኬት፣ ቀጥሎ የኃይል ማስተላለፊያው መስመር፣ ተርባይን ከሁሉም በኋላ። ከመረቡ ርቀው በየሸንተረሩ ለተበተኑ መንደሮች ደግሞ በአሁኑ ዋጋ ከነፋስ ይልቅ ፀሐይና ባትሪ ያዋጣሉ።