የግብር መዝገብና የቁጠባ መዝገብ



«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ የማያውቅ የለም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለማስጠንቀቂያ ነው፤ ስምህ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ማምለጫ የለህምና ከመፈረምህ በፊት አስብ ለማለት ነው። የዛሬው ንግግራችን ግን ይህንኑ ምሳሌ ገልብጦ ለማየት ይሞክራል። ወረቀት የያዘውን የማይለቅ ከሆነ፥ የያዘው አንተን ሳይሆን ባለዕዳህን በሆነ ጊዜስ ምን ይባላል? በመንግሥት ዋስትና በሚጠበቅ የቁጠባ ሒሳብ ላይ ስምን ማስመዝገብ ማለት ይኸው ነውና፥ ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ይገባናል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ መንገደኛ፥ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጨርስ የሚቀበለው የጎጃም ከተማ ደጀን ነው። ድልድይና የመኪና መንገድ ከመሠራቱ በፊት ይህን በረሃ ማቋረጥ ብርቱ ድካም ነበረ፤ በክረምት ዓባይ ሲሞላ ደግሞ መሻገሪያ አይገኝም ነበር። በዚያ ዘመን ገንዘብ ማለት የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናልና 1,000 ብር 28 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህም ባለጠጋ ነጋዴ ገንዘቡን በኪሱ ሳይሆን በአጋሰስ ጀርባ ጭኖ፥ ወንበዴን እየፈራ ይሻገር ነበር። ገበሬውም ከፍጆታው የተረፈችውን ብር በገንቦ አድርጎ፥ ጎረቤት ሳያይ፥ በሌሊት ከጓሮው ይቀብራት ነበር።

ይህን ልማድ ድንቁርና ነው ብሎ መናቅ ስሕተት ነው። ብር አይነቅዝም፤ አይሻግትም፤ ምድርም አደራ በላ አትባልም። ነገር ግን ምድር አንድ ጉድለት አለባት፤ ምስክር አትሆንም። ባለቤቱ ድንገት ቢሞት፥ የቀበረበትን ስፍራ ለሚስቱና ለልጆቹ ሳይናገር ያለፈ እንደ ሆነ፥ ልጆቹ በአባታቸው ሀብት ላይ እየተመላለሱ ለዘር ብድር ይለምናሉ።

ሕዝባችን ይህን ጉድለት ሳያስተውለው አልቀረም። እቁብን ተመልከት። ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለትም ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። እንግዲህ መዝገብና ዋስ ያለው የገንዘብ ማኅበር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነበት መንግሥት ራሱ ዋስ የሚሆንበት መዝገብ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሐሳብ ሥር የሰደደው በፖስታ ቤት በኩል ነው። በእንግሊዝ አገር የድሆችን ገንዘብ የሚያስቀምጡ ማኅበሮች ነበሩ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ በባለአደራዎቻቸው ማጭበርበር ስለ ወደቁ፥ ሠራተኛውና የቤት አገልጋዩ የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን አጡ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1861 የፖስታ ቤት የቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። አንድ ሽልንግ የያዘ ሰው ሁሉ ደብተር ማውጣት ይችል ነበር፤ ለተቀማጩም መንግሥት ዋስ ሆነ። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1875 ይህንኑ ሥርዓት በአገሯ ዘረጋች።

በእኛ አገር የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የሚያስተዳድረው ግን የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበረ። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራውን ጀመረ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ባንክ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆነ። ይህ ሁሉ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ባንክ ለረጅም ጊዜ የነጋዴና የደመወዝተኛ ቤት ሆኖ ኖረ እንጂ፥ ጤፉን በአህያ ጭኖ ገበያ የሚወጣውን ገበሬ በሩ ድረስ አልጠራውም።

ከርቀቱም በላይ ሌላ ምክንያት ነበረ። የጎጃም ገበሬ የሚያውቀው የመንግሥት መዝገብ የግብር መዝገብ ብቻ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፥ ምርቱን የሚገምተውን ሹም አላስገባም አለ። ግምቱ ዛሬ ግብር፥ ነገ ደግሞ የርስት መነጠቅ ያመጣል ብሎ ሠግቶ ነበርና። ነገሩ ወደ ጦር መሣሪያ ደረሰ፤ ደም ፈሰሰ፤ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም ከቦታቸው ተነሡ። ለመመዝገብ እንዲህ የታገለን ሕዝብ፥ «ና፥ ስምህንና ገንዘብህን በሌላ መዝገብ አስፍር» ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። ጥርጣሬው ከስንፍና የመጣ ሳይሆን ከታሪክ የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ ቀብሮ ማስቀመጥም የቀድሞ ዋስትናውን እያጣ ሄደ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ወጣ፤ ቀስ በቀስም ጠገራ ብር ከገበያ ተሰናበተ። የተቀበረ ብር ብረቱ ዋጋ ነበረው፤ የተቀበረ ወረቀት ግን ዋጋው በአዋጅ የቆመ ነው። ምስጥ ይበላዋል፤ እርጥበት ያጠፋዋል፤ አዋጅም ይሽረዋል። በ1969፥ በ1990 እና በ2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ተለወጡ። በመጨረሻው ጊዜ ከ10,000 ብር በላይ የያዘ ሰው ገንዘቡን በባንክ ሒሳብ እንዲያስገባ ታዘዘ። ቀነ ገደቡን ሳይሰማ የቀረ፥ ወይም ባል ያስቀመጠውን ሚስት ሳታውቅ የቀረች እንደ ሆነ፥ የቀረው ሥዕል ያለበት ወረቀት ብቻ ነው።

መዝገቡ ወደ ገበሬው ደጅ የቀረበው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1989 ዓ.ም. በሕግ ፈቃድ ካገኘ ወዲህ ነው። የክልሉ መንግሥትና የልማት ድርጅቶች ባለድርሻ ሆነውበት የቆመው ይህ ተቋም፥ ንብረት ለማስያዝ የማይችሉ ሰዎች በቡድን ሆነው እርስ በርሳቸው ዋስ እንዲጠራሩ አደረገ፤ ተበዳሪውንም እንዲቆጥብ አስገደደው። ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላም ጸደይ ባንክ ወደ መሆን ተሸጋገረ።

ከደጀን ሥር የሚያልፈውም ወንዝ ሌላ መዝገብ አመጣ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ ህዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል ሕዝቡ ቦንድ እንዲገዛ ተጠየቀ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን ማወቅ ይገባናል። ስጦታ የሰጠ ሰው ምስጋና ይበቃዋል፤ ቦንድ የገዛ ሰው ግን አበዳሪ ነው፤ ተበዳሪውም መንግሥት ነው። ሰነዱን ከሣጥን አውጥቶ፥ ጊዜው ሲደርስ ገንዘቡን ከነወለዱ መጠየቅ አገር አለመውደድ አይደለም፤ መብት ነው።

አሁን እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። የመንግሥት ዋስትና ሁሉን አይሸፍንም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ አለፈ። በዚህ ሒሳብ 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር ሲያገኝ፥ በ10,000 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ከ13,000 ብር በላይ ደርሶ ይጠብቀዋል። ዋስ የሆነው መንግሥት የብሩን ቍጥር እንጂ የጤፉን ዋጋ አልዋሰም። በደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድም ባንኩ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ የሚከፍለው እስከ 100,000 ብር ነው።

ታዲያ መመዝገብ ምን ይረባል? አንባቢ ሆይ፥ ገንቦውም ቢሆን ከዋጋ ንረት አላዳነህም፤ ወለድም አልሰጠህም። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ሀብቱን ይከፋፍላል፤ ከፊሉን በበግና በጊደር፥ ከፊሉን በእህል፥ ለድንገተኛ ሕመምና ለልጅ ትምህርት የሚሆነውን ደግሞ በደብተር ያኖራል። ስትመዘገብም ሳታነብ አትፈርም፤ ማንበብ ካልቻልህ የምታምነው ሰው ያንብብልህና ከዚያ በኋላ አሻራህን አኑር። ወለዱ ስንት እንደ ሆነ፥ ገንዘቡን መቼ ማውጣት እንደምትችል፥ ዋሱ ማን እንደ ሆነ ጠይቅ። ከሁሉ በላይ ግን ደብተሩ መኖሩን ለትዳር ጓደኛህ ንገር። ለሚስቱ የሸሸገ ሰው ባንክ ቢገባም ያው ጓሮው እንደ ቀበረ ይቆጠራል።

አያቶቻችን የግብርን መዝገብ የፈሩት የሚጠይቃቸውን እንጂ የሚጠይቁትን ስላላገኙበት ነው። የቁጠባ መዝገብ ጠያቂውና ተጠያቂው ቦታ የተለዋወጡበት መዝገብ ነው። በባንኩ መስኮት ፊት ደብተሩን ዘርግቶ «ገንዘቤን ስጡኝ» የሚል የደጀን ገበሬ፥ ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ምሳሌ በዚያ ቀን ለእርሱ ተፈርዶለታል።